ለጅብ የሚተወው በሬ

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሁን። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ያለፈው ኅዳር፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ስቶክሆልም፣ ሄሰልቢ፣ ሐይቁ ዳር። በዚያ ወር እዚህ አገር ዘጠኝ ሰዓት ማለት መሸ ማለት ነው።

ሦስት ነበርን። እኔ ትጊ፣ ባሌ ሮቢ፣ አባቱ አባባ ቶሌሳ። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ባሠራው የእሳት ቦታ ቋሊማ እንጠብሳለን።

ሮቢ ስንመጣ ውርጭ የያዘው ድንጋይ አንሸራቶት እግሩ ወለም ብሎታል። እሳቱ ዳር ዘርግቶታል።

«አባቴ እኮ ካውቦይ ነበሩ» አለኝ እየሳቀ። «አባባ፣ እስቲ ይንገሯት።»

አባባ ቶሌሳ በወጣትነታቸው የነጋዴ ከብት ከቦረና እስከ አዳማ በእግር ይነዱ ነበር። ስለዚያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ድርሻቸውን ቋሊማ ለሮቢ ሰጡት። ቀጥለው የእኔንም ከእጄ ወስደው ሰጡት።

«ብላ» አሉት።

ከዚያ ጀመሩ።

«ማታ እሳት እናነዳለን። ጅቡ ከእሳቱ ወዲያ ይቀመጣል። አይሸሽም... ይጠብቃል። ስለዚህ ጠዋት ስንነሳ አንድ በሬ እንተውለታለን። ያነከሰውን። ከዛፍ አስረን። ከነነፍሱ።»

«ለምን አታርዱትም?» አልኳቸው።

«የታረደ ዝም ይላል። ከነነፍሱ የታሰረ ይጮኻል። የአገሩ ጅብ ሁሉ ወደሱ ይሄድና እኛን ይተወናል።»

ፈገግ አሉ።

«የሚቀረውን መጀመሪያ እናጠግበዋለን። የጠገበ አይታገልም።»

ሮቢ ማኘኩን አቆመ።

አንድ ሰውዬ ውሻውን እየሳበ በመንገዱ መጣ። ውሻው እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ አላዘነ። የሚያየው እኛን አልነበረም... ከሮቢ ጀርባ ያለውን ጫካ ነው።

ሰውዬው ጎትቶት ሄደ።

ጫካው ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰበረ።

ደግሞ ሌላ... ቀረብ ብሎ።

አባባ ቶሌሳ ወደ ጫካው አላዩም። የሮቢን እግር ነበር የሚያዩት።

«ሰውም ትተን እናውቃለን» አሉ በሹክሹክታ። «ወባ የጣለው ልጅ ነበር። የእኅቴ ልጅ።»

«ማን መረጠው?» አልኩ።

«ትልቁ ነው የሚመርጠው። እኔ ነበርኩ።»

ተነሱና ክንዴን ያዙኝ። የሽማግሌ እጅ አይመስልም።

«እንሂድ፣ ልጄ።»

«ሮቢስ?»

«ሮቢ ይቀራል።»

ቀልድ መሰለኝ። ባሌ እስኪስቅ ጠበቅኩ።

አልሳቀም። ዓይኑ ፈዟል።

«ሂጂ» አለኝ። የእንቅልፍ ድምፅ ነው። «ሂጂ... እሺ።»

ክንዴን መንጭቄ ሮቢን በብብቱ ያዝኩት። ጎተትኩት። መሬት ውስጥ የተተከለ ያህል ከበደኝ።

ከጀርባው የሆነ ነገር ተነፈሰ። ሞቃት ትንፋሽ ፊቴን ነካኝ። ጥሬ ሥጋ ይሸታል።

ሮጥኩ።

ከኋላዬ ስሜን ጠራ። በሮቢ ድምፅ ጀመረና... በበሬ ድምፅ ጨረሰ።

ፖሊስ ጫካውን በውሻ፣ ሐይቁን በጠላቂ ፈለገ። ምንም አላገኘም። አባባ ቶሌሳን ጠየቋቸው። «እግሩን አሞት ነበር» አሉ። ለልጃቸው አንድ ዘለላ እንባ እንኳ አላፈሰሱም። ወደ ሻርሆልመን፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

እስከ ዛሬ ጠዋት።

ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር። መጋረጃውን ስከፍት ከሕንፃችን ሥር፣ የልጆች መጫወቻው መሐል ቆመው አየኋቸው።

ረጅም በትር ይዘዋል። ቀስ ብለው ያፏጫሉ። ይነዳሉ...

ከፊታቸው ምንም የለም።

በረዶው ግን በብዙ ኮቴ እየተረገጠ፣ እየተረገጠ... ወደ ሕንፃችን በር ይመጣ ነበር።