በጤና መመለስ

«እንደገና! ሳቅ እያልሽ በዪው፤ ለቅሶ ቤት አይደለሽም እኮ» አለ የድምፅ መቅረጫ ቤቱ ባለቤት ሙኽታር፣ ጆሮው ላይ የደፋውን ማዳመጫ ሳያወልቅ።

ያብስራ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ውሃው በበርሜል፣ ጥላው በዳስ፤ ሰማኸኝ ጋ ሄዶ በጤና መመለስ!»

«አሁን ገና ወጣልሽ! ቁርጥ አባትሽን!»

ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ይህን የአቶ ሰማኸኝን እርሻ ማስታወቂያ የማያውቅ የለም። የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ መናኸሪያውን እየዞረ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ይለፍፈዋል። ሰሊጥ እንደሆነ ቀን አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለእርሻው ሁሉ ሠራተኛ ለመሻማት የማይምለው መሐላ የለም። ይህንን ግጥም የገጠመውም፣ በድምፁ የቀዳውም የያብስራ አባት ባየልኝ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ቢሆነውም በየመኸሩ ድምፁ ከተማውን ይዞራል። የክፍሏ ልጆች «ያብስራ በበርሜል» እያሉ ይፎግሯታል፤ እሷ ግን አትቀየምም።

እንዴት ትቀየም? ግጥሙ የተሠራው እቤታቸው፣ ምሳ ላይ ነው። አባቷ «በደስታ መመለስ» ብሎ አልጥም ሲለው፣ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችው ያብስራ «በጤና በለው» አለችው። በሽሮ እጁ ጭንቅላቷን ይዞ ግንባሯን ሳማት። ወጡ ፀጉሯ ላይ ቀረ፤ እናቷ እታፈራሁ እየሳቀች ጠረገችላት። ያን ቀን የሚያህል ቀን በዚያ ቤት ደግሞ አልመጣም።

ዘንድሮ አሮጌው ቅጂ መቆራረጥ ጀመረ። ባለእርሻው አቶ ሰማኸኝም «የአባቷን ቃል ልጅቷ ትቀበል» አለ። ያብስራ መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ሰነበተች።

እንደገና ልትሞክር ስትል መብራት ድርግም አለ።

«በቃ፣ ሲመጣ እጠራሻለሁ» አላት ሙኽታር። መንገዱን ተሻግራ እናቷ ዘንድ ሄደች።

እታፈራሁ መናኸሪያው በር ላይ ኮንጎ ጫማና ማጭድ ትሸጣለች። መለሰ የሚባል ከጎጃም የወረደ ጎልማሳ ተቀምጦ ጫማ ይለካል። ባጃጁ በዚያ ሲያልፍ የባየልኝ ድምፅ እየተቆራረጠ ተሰማ። መለሰ ጫማውን አንድ እግሩ ላይ እንዳንጠለጠለ ምራቁን እንትፍ አለ።

«ምነው ወንድሜ?» አለች ያብስራ፣ ፊቷ እየጋለ።

«እውነቱን ነው እኮ የሚለው» አለ መለሰ። «በርሜልማ ነበር፤ ናፍጣ የተቀዳበት። እየሸተተን ጠጣነው። ዳስም ነበር፤ ለሰሊጡ ጆንያ። እኛማ አጎበር የለ፣ ምን የለ፣ ሜዳ ላይ የወባ ሲሳይ ሆነን አደርን። አምና ታናሽ ወንድሜን እዚያው ቀብሬው ተመለስሁ። ዘንድሮ ወደ አብርሃ ጅራ ነው የምወርደው። ይሄን የሚለፍፈውን ሰውዬ ግን አንድ ቀን ባገኘው! እሱን አምነን እኮ ነው የሄድነው።»

ያብስራ እናቷን አየቻት፤ «ውሸት ነው» እንድትለው ጠበቀች። እታፈራሁ ግን አቀርቅራ ማጭድ ትደረድራለች። መለሰ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

«እማ፣ ለምን ዝም አልሽው?»

«ምን ልበለው?»

«አባዬ አያውቅም ነበር በይው! ተታሎ ነው በይው!»

«ያውቅ ነበር» አለች እታፈራሁ። «በመጨረሻው ዓመት እርሻውን ሄዶ አየው። ሲመጣ እህል አልቀምስም አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። በነጋታው ግን ያንኑ ማስታወቂያ ሊያስለፍፍ ባጃጁ ላይ ወጣ።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለች! አንቺ ምን በልተሽ ያደግሽ መሰለሽ?» ቁጣዋ ወዲያው ሟሸሸ። «እኔስ ብሆን? መኸር በመጣ ቁጥር ድምፁን እሰማለሁ ብዬ እዚሁ በር ላይ እጎለታለሁ። ሌላ ማስታወሻ የለኝም። ሰው እያለቀበት እኔ በናፍቆት አዳምጠዋለሁ። እስቲ ምን እንደምባል ንገሪኝ!»

ያብስራ አባቷን ጠላችው፤ ወዲያው ደግሞ ናፈቃት። ጨዋ ልጅ የአባቱን ገበና ይሸፍናል ሲባል ሰምታለች። እሺ፣ ትሸፍን። ግን ከነገ ጀምሮ የሚለፍፈው የእሷ ድምፅ ነው፤ ያንንስ ማን ይሸፍንላታል?

በየሱቁ ያለው ሙዚቃ ባንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። «ያብስራ! መብራት መጣ!» ሙኽታር ከማዶ እጁን ያወዛውዛል። «ቶሎ በይ፣ ደግሞ ሳይሄድ!»

ተነሳች። ገና ከመነሳቷ ከአውቶቡስ የወረዱ ባልና ሚስት፣ አቧራ እንደለበሱ፣ ፊቷ ቆሙ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አለ ባልየው። «እኔ ላጭድ፣ እሷ ለሠራተኛው ልታበስል ነው የመጣን። ይሄ ባጃጁ የሚጠራው እርሻ ደህና ነው እንዴ?»

የእታፈራሁ እጅ ማጭዶቹ ላይ ቆመ። ቀና ግን አላለችም።

«ሌላ እርሻ ፈልጉ፣ አባባ» አለች ያብስራ።

«ምነው? ሰውየው እንዲያ አፉን ሞልቶ እየተናገረ?»

«ሰውየው አባቴ ነው» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተቋረጠም። «ሌላ ፈልጉ።»

ሙኽታር ደግሞ ተጣራ። ያብስራ መልሳ ተቀመጠችና ለሴትየዋ የሚሆን ጫማ መፈለግ ጀመረች።