የምስጋና ሰሌዳው

ፍላሹ ከጸሐፊዋ እጅ ወደ ሙጫ እጅ ሲተላለፍ ዘበኛው ቆሞ እያየ ነበር።

ይየው! ሙጫ ግድ አልነበረውም። በስለላ መሥሪያ ቤቱ የሚጠራው «ሙጫ» ተብሎ ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን የአንዲት ትንሽ፣ ፈገግታ የማይለያት የድረ ገጽ ሥራ ድርጅት ባለቤት ነው። ድረ ገጽ ሠሪን ማን ይጠረጥራል? ሰው ለሚስቱ የማይነግረውን የይለፍ ቃል ለእሱ በብጫቂ ወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል፤ ያውም «አደራ እንዳይጠፋብህ» ብሎ። ጅል ሁሉ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሲስቁለት ሲስቅላቸው ኖሯል።

«ጌታው ስልካቸው ላይ ያለውን ፎቶ በሙሉ ገልብጠሽ ስጫቸው ብለውኛል» አለች ጸሐፊዋ፣ ዘበኛው እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ጥሩ ጥሩውን እናንተ ትመርጣላችሁ።»

«አርማውስ?»

«እሱም አለበት።»

አርማ ያሉት አርማ አልነበረም። ጌታዋ፣ ከተማው በሙሉ «ባለ መርከቡ» የሚለው ነጋዴ፣ ከእህል ጆንያ ሥር ደብቆ የሚያስገባው የጦር መሣሪያ ዝርዝር ነው። ጸሐፊዋ ገጽ በገጽ ገልብጣዋለች። ከተደረሰባት አንድ ቀን አታድርም። ማንነቷን የሚያውቀው ሙጫ ብቻ ነው፤ አለቃው እንኳ አያውቅም።

ወጣ።

ከኋላው ሞተር ብስክሌት ተነሣ።

አልዞረም። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ መስታወት ላይ አየው፤ ቀይ ጃኬት፣ የባለ መርከቡ ሰው ይሆናል። «ቀይ ለብሶ ሰው የሚከታተል ደንቆሮ!» አለ በሆዱ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ፣ በጓሮ በር ወጣ፣ በሌላኛው መንገድ ታክሲ ያዘ።

የቢሮው በር ላይ «እዚህ ደንበኛ የለም፤ ቤተሰብ ብቻ!» የሚል ተለጥፏል። ባየው ቁጥር ቆሽቱ ያርራል። የለጠፈችው ዲዛይነሯ ናት። ድርጅቱ እሷ፣ እሱና ከጆሮ ማዳመጫው የማይላቀቅ አንድ ፕሮግራመር ነው።

«ጋሼ፣ መጣህ? ምነው ገረጣህ? ቁርስ ሳትበላ ነው አይደል የወጣኸው?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸትህን ነው። እሺ ፎቶዎቹን ማን አመጣልን?»

«የባለ መርከቡ ጸሐፊ ናት» አለ፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ። ለእሷ መልስ ሲሰጥ አስቦ አያውቅም።

ፎቶዎቹን ገልብጦ ሰጣት፤ እሱ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። የባለ መርከቡ ድረ ገጽ የሚመረቀው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ባለሥልጣንና ጋዜጠኛ በተጠራበት አዳራሽ ነው። ዝርዝሩን ወደ ራሱ ማስቀመጫ ካዛወረ በኋላ ፎቶዎቹን ማገላበጥ ጀመረ። መርከብ። ቦርጭ። ኬክ። ደግሞ ቦርጭ።

ከዚያ አለቃው።

የገዛ አለቃው! ባለ መርከቡ ትከሻ ላይ ክንዱን ጥሎ፣ ጥርሱን ገልፍጦ ይስቃል። የተነሡት ያለፈው ቅዳሜ ነው። ባለ መርከቡ ይህ ፎቶ መኖሩን ረስቶታል። ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ ለድረ ገጽ ሠሪ ፎቶ ሲሰጡ ምን እንደሰጡ አያዩም።

ስልኩ ጮኸ።

«ዕቃው ገባ?» አለ አለቃው።

«ገባ።»

«ማን ነው የሰጠህ? ስሙን ንገረኝ፤ ዛሬውኑ ከአገር ላውጣው።»

«ስም አይነገርም። ደንባችን ነው።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጣሁ።»

አለቃው ወደ ቢሮው ሲመጣ የጥርስ ሐኪም መስሎ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ቀለሙ አልጣመኝም» እያለ ድረ ገጹ ያላለቀለት የጥርስ ሐኪም። ዲዛይነሯ ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ አዳራሹ ስትወጣ በር ላይ ተገናኙ።

«ዶክተር! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ጋሼ ውስጥ ነው። ዛሬ እኮ ምርቃት ላይ ማሳያውን የምከፍተው እኔ ነኝ!»

ሙጫ ከክፍሉ ሲወጣ አለቃው የምስጋና ሰሌዳው ፊት ቆሟል። የዲዛይነሯ ሥራ ነው፤ ለተባበራቸው ሁሉ ካርድ ጽፋ እዚያ ትሰቅላለች። ሙጫ እንደ ልጅ ጨዋታ ያየው ነበር። አዲሱ ካርድ ቀለሙ አልደረቀም፤ «ፎቶዎቹን ለፍታ ላመጣችልን ለባለ መርከቡ ጸሐፊ፣ ከልብ እናመሰግናለን!» ዙሪያውን አበባ።

አለቃው የፈለገውን አገኘ።

«ቤታችሁ እንዴት ያለ ጨዋ ቤት ነው!» አለ አለቃው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። አይነሣም። ባለ መርከቡ እንግዳ እየተቀበለ ነው። «በቃ፣ እዚያው ሄጄ አገኘዋለሁ። አንተም ዕረፍ።» ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። አዳራሹ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው።

ሙጫ ለጸሐፊዋ ደወለ። «ከድረ ገጹ ነው። ቀለሙ አልተስማማም።»

በሁለቱ ቋንቋ ትርጉሙ «ቦርሳሽን እንኳ አታንሺ፣ ውጪ» ነው።

«እሺ» አለች። ስልኩ ተዘጋ። እስከ ድንበሩ አራት ሰዓት መንገድ አላት።

አለቃውና ባለ መርከቡ ከተነጋገሩ ግን አራት ደቂቃም የላትም። ሙጫ ወንበሩን ሳበ። ፊት ገጹ ላይ የነበረውን መርከብ አነሣ፤ በቦታው አለቃውንና ባለ መርከቡን ተቃቅፈው አስቀመጠ። በአርማው ቦታ የመሣሪያውን ዝርዝር ጫነ። ማሳያውን የምትከፍተው ማን እንደሆነች ያውቃል። ያውቃል!

ቁልፉን ተጫነ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የአውቶቡስ ጣቢያው ሬዲዮ መናገር ጀመረ። ጭብጨባው መሃል ላይ ማሳያው ሲከፈት አዳራሹ ጸጥ አለ። አለቃው በሩ ላይ ነበር የደረሰው፤ ጋዜጠኞቹ ከፎቶው ጋር እያስተያዩ አነሡት። ሁለቱም ተያዙ። «እናንተ ልብሰ ንጹሖች!» አለ ሙጫ ለብቻው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ። አለቃው ስለ ጸሐፊዋ አፉን አይከፍትም፤ ከከፈተ ራሱን አጋለጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አውቶቡሱን እየጠበቀ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ዲዛይነሯ ናት።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠራሁህ!» ታለቅሳለች። «ፎቶ ስመርጥ ተሳስቼ ነው መሰለኝ... አርማውንም ከዚያው ማህደር ነው ያወጣሁት። ፖሊስ ጣቢያ ነኝ። ማን ጫነው ሲሉኝ እኔ ነኝ አልኩ። ፍላሹንም ባለ መርከቡ ራሳቸው ናቸው የሰጡን አልኳቸው። ያንተን ስም አላነሣሁም፣ ድርጅቱን እንዳይዘጉብህ።»

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የባለ መርከቡ ሰዎች እንደ አሸዋ ናቸው። «ስህተት አይደለም፣ እኔ ነኝ» ቢል ይፈቷታል፤ ወዲያው ግን ፍላሹን ማን እንደሰጠው ይጠይቃሉ። ጸሐፊዋ ገና መንገድ ላይ ናት።

ሦስት ዓመት በሆዱ «ጅል» ሲላት የኖረውን አሰበና ራሱን ጠላ። ከአለቃው አብልጦ ጠላው።

«ጋሼ? ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም» አለ።

«መቼ ነው የምትመጣልኝ?»

«እየመጣሁ ነው።»

ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው። ትኬት ቆራጩ ስሙን ጠየቀው። አፉ ላይ የመጣለትን ስም ነገረውና አውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከሁለት እንቅልፋም ነጋዴዎች መሃል ገብቶ ተቀመጠ።