ደረጃ ሁለት የተባለው ማሞቂያ

አሮጊቷ ሻወር ቤታቸው ውስጥ በሞቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቤተሰቡ ገዳዩን አግኝቶ ጨርሶ ነበር። ለሻምበሏ የቀረላት፣ እነሱ እንደሚሉት ከሆነ፣ ካቴና ማጥለቅ ብቻ ነው።

«ምላጭ የሚሉት ያ ፈታሽ ነው የገደላት!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሻምበሏ ገና የግቢውን በር ሳታልፍ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ፍሪጅ እየጠገነ የሚኖር ሰው ነው። እህቱን ከሻወሩ ጎትቶ ሊያወጣ ሲል ኤሌክትሪኩ እሱንም ስለመታው ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ማክሰኞ መጥቶ ቤቱን ሲፈትሽ ዋለ። ማሞቂያውን ‹ደረጃ ሁለት› ብሎ ጽፎ እብስ አለ። ይኸው ሐሙስ ጠዋት እህቴ ሞተች። አንድ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይቆረጥ ነበር፤ እሷም አሁን ቁጭ ብላ ትቆጣን ነበር!»

ከኋላው ሁለት የቤቱ ሰዎች ቆመዋል። አንዷ የአሮጊቷ ምራት ናት፤ ባሏ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው የአሮጊቷ አንድያ ልጅ፣ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሌላው ፎቅ ላይ ተከራይቶ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰውዬ ነው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይጥና ድመት ናቸው፤ ፈታሹን በመርገም ግን አንድ አፍ ሆነዋል።

ሻምበሏ አልከፋትም። ቁጡ ሰው ትወዳለች። የተረጋጋ ሰው የሚናገረውን ይመርጣል፤ የተናደደ ግን ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል የሚል እምነት አላት።

መጀመሪያ የፍተሻውን ወረቀት ተቀበለች። ቤቱ ሊሸጥ ስለነበር ነው የተፈተሸው። በወረቀቱ ራስጌ ላይ የደረጃዎቹ ትርጉም ታትሟል። አንድ ማለት አደጋው አሁኑኑ አለ፣ መስመሩ ወዲያው ይቆረጥ ማለት ነው። ሁለት ማለት ሌላ ብልሽት ቢታከልበት አደጋ ያመጣል፣ ቶሎ ይጠገን ማለት ነው። ሦስት ቢሻሻል ይመረጣል ነው። ከሥር ፈታሹ በደቃቁ ጽፏል፦ «የውሃ ማሞቂያው ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ የለውም። ክዳኑን ከፍቼ አይቻለሁ፣ የውስጥ ሽቦዎቹ ደህና ናቸው። መስመሩ በነፍስ አዳኙ ብሬከር ሥር ነው። ከጠዋቱ 4፡20 ሻወር ቤት ሆኜ ሞከርኩት፣ በቅጽበት ቆረጠ። ደረጃ ሁለት።»

«ልብ ወለድ ነው!» አለ ከበስተኋላዋ አንድ ድምፅ። የፍተሻ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ መግቢያው አጠገብ ካለው የብሬከር ሳጥን ፊት በእጅ ባትሪ እያበራ ቆሟል። «ነፍስ አዳኝ የምንለው ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከር ነው። ይዩ፣ ሻምበል፤ ሶኬቶቹ ሁሉ እሱ ሥር ናቸው፣ መብራቶቹ በሌላ ነው፤ የማሞቂያው ሽቦ ግን እሱ ጋ የለም። ተራው ብሬከር ውስጥ ነው የገባው። ማሞቂያው ውስጥ ደግሞ ቆዳው የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነክቶ ተቀምጧል። ምኑንም አላየውም ማለት ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቁጥር ሞላ።»

«ከማክሰኞ ወዲህ ሰው ነካክቶት ቢሆንስ?»

«አልተነካካም። ጫፎቹን ይመልከቱ።»

ሻምበሏ ጎንበስ አለች። የሳጥኑ ሽቦዎች ሁሉ ጫፋቸው እንደ ልብስ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ነው ብሬከሩ ውስጥ የገባው፤ የማሞቂያውም እንደዚያው። ክዳኑ ላይ ሥራው ያለቀበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ አራት ዓመት አልፎታል።

«የአንድ ሰው እጅ ነው» አለ ኃላፊው። «የሞተው ልጃቸው ሥራ ነው፤ እንዲህ የሚያጥፍ ሌላ ሰው አላውቅም። ሙት ደግሞ ተነሥቶ ሽቦ አያዛውርም።»

ፈታሹ ያን ዕለት ማታ ወይ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፣ ወይ በሰው ሕይወት ተከሶ እስር ቤት ያድራል፤ እስካሁን በያዙት ማስረጃ ደግሞ መንገዱ ወደ እስር ቤቱ ነው።

ፈታሹን ግቢው ውስጥ በፖሊስ መኪና ተቀምጦ አገኘችው። ከሲታ፣ ፊቱ እንደ ተጨመደደ ወረቀት የሆነ ሰው ነው። ምላጭ ያሉት ስለ ምላሱ ነው።

«ለምን ፎቶ አላነሡም?»

«ፎቶ ይለካል እንዴ?»

«ኃላፊዎ ‹አንድ መሆን ነበረበት፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ይፈርም፤ በሥራ እገዳ ያልፍለታል› ይላሉ።»

«እሱ ያየውን ሁሉ አንድ ነው የሚለው። ሁሉን አንድ የሚል ሰው አላወቀም፤ ፈርቷል። ያለ ምክንያት አንድ እያልክ የሰው መብራት ስትቆርጥ ብትከርም፣ የእውነቱ አንድ የመጣ ቀን ማንም አይሰማህም። ማክሰኞ ያየሁት ማሞቂያ ሁለት ነው።»

«ካልፈረሙ እኮ ይታሰራሉ።»

«እታሰራለኋ!» አለና ፊቱን አዞረባት።

ሻምበሏ ሰውዬው አስጠላት። ግን አመነችው፤ ማመኗም ይበልጥ አናደዳት።

ጥርስ ሠሪው ፎቅ ላይ ሲጠብቃት ነበር።

«ስምንት ጥርስ!» አላት ጣቶቹን እየቆጠረ። «ስምንት ጥርስ ምድጃ ውስጥ እያለ አጠፋብኝ! ልሰድበው እየሮጥኩ ወረድኩ።»

«ማክሰኞ? የት አገኙት?»

«ሻወር ቤት ነዋ! መለኪያውን ይዞ፣ አንገቱን ማሞቂያው ውስጥ ቀብሮ። ‹ቆረጥክብኝ!› ስለው ‹እኔም እንዲቆርጥ ነው የምፈልገው› ብሎ ሳቀ። በሰው ጥርስ ይሳቃል?»

«የኮሪደሩ መብራትስ ጠፍቶ ነበር?»

«ይበራ ነበር እንጂ። ባይበራ ሲስቅ በምን አየዋለሁ?»

«ብሬከር ሳጥኑ ጋ ማን ነበር?»

«ማንም። ራሱ ነው እየተንጎማለለ ሄዶ የመለሰው። ደግሞ በዚህ መች በቃው! ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ላይም ሩብ ሰዓት ሙሉ ድርግም አደረገብኝ።»

«ረቡዕ አይተውታል?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ከሱ ሌላ ማን እንዲህ ያለ ክፋት ይሠራል?»

ከማክሰኞ ወዲህ ፈታሹ የት የት እንደነበር ሻምበሏ አስቀድማ ጠይቃለች፤ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ፣ ከኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲከራከር ነበር።

ምድር ቤት ስትወርድ ወንድምዬው ከአንድ ነጭ ፍሪጅ አጠገብ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት ሽቦዎች ሁሉ ጫፋቸው ላይ ትንሽ የመዳብ ቀለበት ተጨምቆባቸዋል። በፍሪጁ በር ላይ በተለጠፈ ፕላስተር «ማክሰኞ 4፡25 እንደገና» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጠገንኩት ፍሪጅ ሃያ አራት ሰዓት ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ያ ምላጭ አቋረጠብኝ፣ እንደ አዲስ ጀመርኩ።»

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕ ሌላ ፍሪጅ ላደርስ ከጠዋት ጀምሮ ከተማው ዳር ነበርኩ። እህቴም ደላላ ጋ ውላለች።» ዓይኑ ደም ለብሷል። «ቤቱን ልትሸጠው ነበር። በወሩ መጨረሻ ሦስታችንም ውጡ ተብለናል። እኔ ነኝ ገዳዩ ካሉ ይበሉ! የእህቴ ልጅ የደከመበት ቤት ግን መሸጡ ያንገበግበኛል። በሞተበት ዓመት ነው የጨረሰው። እጁ ተንቀጥቅጦ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት፣ ውሃ እንኳ ሚስቱ እያጠጣችው፣ ይህን ሁሉ ሽቦ ሠርቶ ሞተ። ወንድ ነበር!»

ሻምበሏ ፕላስተሩን አንዴ፣ ሰውዬውን አንዴ አየች። ከዚያ አመስግና ወጣች።

ምራቲቱ ሳሎን ልብስ ታጣጥፋለች። እጆቿ ሥራ የለመዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጠርዝ ልክ በልክ ይገጥማል።

«ፈታሹ ማክሰኞ ምን ሠራ፣ እህቴ?»

«ምንም። እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ሻወር ቤት ድርሽ አላለም።»

«መብራት አልጠፋም?»

«ጠዋት አንዴ ዋናውን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ አልጠፋም።»

«ረቡዕስ?»

«ቤት ውስጥ ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት። ብልጭ እንኳ አላለም።»

«ባልሽን በሥራው ታግዢው ነበር?»

«ባትሪ እይዝለት ነበር» አለች። ቃሉ ሲወጣ ከንፈሯ ተጣመመ።

ከሰዓት በኋላ ሻምበሏ ሁሉንም ብሬከር ሳጥኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። ፈታሹ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ማንም ወደ ማንም አያይም።

«እትዬን የገደለው አንድ ብልሽት አይደለም» ብላ ጀመረች። «ሦስት ናቸው። ማሞቂያው ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ የለውም። ውስጡ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነክቷል። መስመሩም ከነፍስ አዳኙ ውጭ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዛሬ በሕይወት ነበሩ። ወረቀቱ ማክሰኞ የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነው ይላል።»

«ወረቀቱ እውነት ከሆነ!» አለ ኃላፊው።

«እውነት ነው። ምስክሮቹ የዚህ ሰው ጠላቶች ናቸው። ስምንት ጥርስ ተበላሸ፣ ፍሪጅ ቆመ፣ በአንድ ጊዜ። ሳጥኑ ጋ ማንም የለም፤ ፈታሹ ሻወር ቤት ነው፤ የኮሪደሩ መብራት ግን ይበራል። ዋናው ቢጠፋ ኖሮ መብራቱም ይጠፋ ነበር። የሶኬቶቹን መስመር ብቻ፣ ከማሞቂያው ሆኖ፣ ማን ሊቆርጠው ይችላል?»

ኃላፊው ሳጥኑን አየ። «ነፍስ አዳኙ» አለ በመጨረሻ። «ማሞቂያው እሱ ሥር ከነበረ ብቻ።»

«እንግዲያው ማክሰኞ እሱ ሥር ነበር። ዛሬ የለም። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሩብ ሰዓት መብራት ጠፍቶበታል፤ ጥርስ ሠሪው ከለመደው ሰው በቀር የሚረግመው ስላጣ ፈታሹን ረገመው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ነገሩ። ረቡዕ ቤት የነበሩት እሱና አንድ ሌላ ሰው ናቸው።»

«እኔ አምፖል መቀየር እንኳ አልችልም!» አለ ጥርስ ሠሪው።

«አውቃለሁ። ሽቦውን ያዛወረው ሰው ጫፉን እንደ ሌሎቹ አጥፎታል። ወንድማቸው ጫፍ አያጥፉም፣ ቀለበት ነው የሚያስገቡት፤ ረቡዕም አልነበሩም። የሟቹ እጅ ነው ተባለ። ግን ቤቱ ሲሠራ የሟቹ እጅ ብርጭቆ አይይዝም ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ጫፍ ያጠፈው ማን ነው?» ወደ ምራቲቱ ዞረች። «አንቺ ባትሪ አልያዝሽም። ሽቦውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ፈታሹ ሻወር ቤት አልገባም፣ ረቡዕም መብራት አልጠፋም ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ረቡዕ ሽቦውን አዛወርሽ፣ የማሞቂያውንም ላጥሽ፤ ጥፋቱን ሁሉም ለፈታሹ እንደሚሰጠው ታውቂ ነበር።»

ምራቲቱ አልካደችም። ቀና ብላ ቆመች፤ በፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነው።

«በርጩማ ላይ እያስቀመጥኩት፣ ከንፈሩን እያየሁ ነው የሠራሁት። ለእናቴ እንዳትነግሪ አለኝ፤ አልነገርኩም። ያቺን ማሞቂያ ብቻ፣ እጁ ደህና ሳለ፣ ራሱ ነው ያስገባት። የመሬት ሽቦ ጎድሏታል ብዬዋለሁ፤ ነገ አለኝ። ማክሰኞ ማታ እትዬ ወረቀቱን አነበቡና ‹ልጄ ሽቦ አይረሳም፤ ባትሪውን አጣመሽ ይዘሽበት ነው፤ እቃሽን ሸክፊ› አሉኝ። አራት ዓመት ያጠብኳቸው፣ ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ!»

ሻምበሏ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች፤ ፈታሹን ለቀቁት። ኃላፊው ፈጠን ብሎ እጁን ዘረጋለት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለው ፈታሹ፤ እጁን አልጨበጠውም።

ምራቲቱ ሊወስዷት ሲሉ ወደ ፈታሹ ዞረች። «አንተ። ማሞቂያውን ሁለት አልክ። የቀረውን ሥራ ስንት አልከው?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። አላነበቡላችሁም?» ወረቀቱን ከሻምበሏ ተቀብሎ ገለጠ፤ በዚያው በሻካራ ድምፁ አነበበ። «‹ከማሞቂያው በቀር በዚህ ቤት ነቀፋ አላገኘሁም። ሠላሳ ዓመት ስፈትሽ እንዲህ ያለ ንጹህ ሥራ አላየሁም።›»

ወንድምዬው በፋሻው ፊቱን ሸፈነ። «እህቴ እኔ ጋ ወርዳ አንብባልኛለች። ‹የልጄ እጅ› እያለች አለቀሰች።»

«የኔ እጅ ነው!» ብላ ጮኸች ምራቲቱ። «ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም እንዴ ወረቀቱ ላይ?»

«አለ። ‹የሠራው ባለሙያ› ይላል» አለ ፈታሹ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ እያያት። «ማክሰኞ እዚሁ ቆሜ ‹ማን ነው የሠራው?› ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸው የልጃቸውን ስም ነገሩኝ። አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ ነበር። እስክሪብቶዬን ይዤ ትንሽ ጠበቅኩሽ፤ እጅሽን ሳየው የሆነ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ» አለች ምራቲቱ፤ ሁለቱን እጆቿንም ለሻምበሏ ዘረጋች።