ሠላሳ ስድስተኛው ጆንያ

እኔ ስለ ጂኒና ስለ መንፈስ ሲወራ ሻይዬን አንስቼ ጠረጴዛ የምቀይር ሰው ነኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ስለ ድንጋይና ስለ አፈር ያስተማርኩ የጉለሌ ሰው፣ ተማሪዎቼ እንዲያውም "ምክንያት አለው" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፣ ለምን ቢሉ ምንም ነገር ሲነግሩኝ የመጀመሪያ ቃሌ እሱ ስለሆነ። አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ ስቄበት እሄድ ነበር፣ እመነኝ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ በባሮ ወንዝ፣ በትንሽ ጀልባ የሦስት ቀን የጥናት ጉዞ ተዘጋጀና እኔ አስረጂ ሆኜ ሄድኩ። ሥራዬ ቀላል ነበር፣ ጠዋት ስለ ወንዙና ስለ አፈሩ፣ ከሰዓት ደግሞ ስለ ድሮዎቹ መርከቦች ማውራት፣ ውሃው ሲሞላ ከሱዳን በኩል እየመጡ ጋምቤላ ላይ ቡና ጭነው ስለሚመለሱት ማለቴ ነው። ተጓዦቹ ስምንት ናቸው፣ ሰባቱ አስተማሪዎች፣ ስምንተኛው ግን ቤቴ ፊት ለፊት የእህል ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰይድ። ስለ ጉዞው ሲሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው መጡና "መምህር፣ እኔንም ውሰደኝ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው የቡና ነጋዴ ነበሩ፣ ሐጂ ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ ጋምቤላ ወርደው፣ ቡናቸውን በጆንያ መርከብ ላይ አስጭነው አብረው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። አንዱ ሰጠሙ ይላል፣ ሌላው ካርቱም ሌላ ትዳር መሠረቱ ይላል፣ መሞታቸው ስላልተረጋገጠ የሙት ሶላት አልተሰገደባቸውም፣ እናትየውም ሐዘን ሳይቀመጡ አለፉ። "መሞቱን ብቻ ልወቅ" አሉኝ ሐጂ፣ "ከሞተ ልስገድበትና እኔም ልረፍ።"

እውነቱን ልንገርህ፣ አሳዘኑኝ እንጂ ወንዝ መልስ ይሰጣል ብዬ አይደለም የወሰድኳቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ሐጂ እህል ሲሰፍሩ "አንድ" አይሉም። "በረካ" ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር በሞላ ቁጥር ደግሞ "አልሐምዱሊላህ" ጣል ያደርጋሉ። ከአባታቸው ቤት የወረሱት ወግ ነው፣ እኔም ሁሌ "ሐጂ፣ አንዷን ዋጧት" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

በሁለተኛው ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ወንዙ የቦረቦረው ትልቅ የአፈር ግድግዳ ጋ ደረስን። ባለጀልባውን ኦጁሉን ሞተር አስጠፋሁትና ጀልባዋን ከአንድ ዛፍ ጋር በገመድ አሰራት። ይሄ ቀዩ ንብርብር ከኢሉባቦር ደጋ ታጥቦ የመጣ ነው እያልኩ በጣቴ ሳሳይ፣ ከጀልባዋ ኋላ "ድም" አለ። ጀልባዋም ትንሽ ዝቅ አለች።

"ግንድ ነው፣ ምክንያት አለው" አልኩና ወሬዬን ቀጠልኩ።

ደግሞ "ድም"። ከዚያ የሰው ድምፅ፣ ሲደክም የዋለ ወንድ ድምፅ፣ ዕቃ ከምናስቀምጥበት፣ ማንም ካልተቀመጠበት ቦታ፣ "ሁለት" አለ። የመጀመሪያውን፣ የ"በረካ"ውን ቃል አልሰማሁትም ነበር፣ ሐጂ ግን ሰምተዋል፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ተነሥተው ቆመዋል። ድም፣ ሦስት። ድም፣ አራት። አሥር ላይ ያ ድምፅ ትንሽ ተነፈሰና "አልሐምዱሊላህ" ሲል ፈራሁ፣ በቃ ፈራሁ።

አስተማሪዎቹ የሰሙት ኳኳታውን ብቻ ይመስለኛል፣ "ውሃ ገባ እንዴ?" እያሉ እግራቸው ሥር ያያሉ፣ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። ኦጁሉ እጁን በጎን ሰዶ ውሃውን ነካና፣ "መምህር፣ ጀልባዋ እየከበደች ነው፣ የጭነት ልኳ፣ ነጩ መስመር ውሃ ውስጥ ጠፋ" አለኝ። ድምፁን ይስማ አይስማ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ቆጠራው ሃያን አለፈ፣ ሠላሳን አለፈ፣ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል፣ ውሃው የጀልባዋን ከንፈር ሊነካ አንድ ጣት ቀረው።

"ሠላሳ ስድስት።"

አንዷ አስተማሪ ጮኸች። እኔም "ኦጁሉ፣ ገመዱን ፍታ፣ ሞተሩን አስነሣ!" አልኩ።

"ቆይ!" አሉ ሐጂ፣ "በአላህ ቆይ መምህር፣ ትንሽ ነው የቀረው!"

አልቆየሁም። ሞተሩ ሲነሣ ጀልባዋ ጭነት እንደወረደላት አህያ ብድግ አለች፣ ከኋላችን ብዙ ከባድ ነገር አንድ ላይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ፣ ዞሬ አላየሁም።

ዳር ስንደርስ ሐጂ ክንዴን ይዘው "ሰምተሃል አይደል?" አሉኝ። ሰባት አስተማሪ እያየኝ ምን ልበል? "ግንድ ነው ሐጂ፣ ወንዝ ሲሞላ ግንድ ይጋጫል" አልኳቸው። ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ። ክንዴን ለቀቁና ቦርሳቸውን አነሡ።

ወራት አለፉ፣ ሱቃቸው በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ባለፈው ዓርብ አልቻልኩም፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ጠብቄ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሰምቻለሁ፣ ዋሽቻለሁ፣ ይስገዱባቸውና ይረፉ አልኩ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

"ስንት ላይ ነው የቆመው?" አሉ።

"ሠላሳ ስድስት።"

"አርባ ጆንያ ነው ይዞ የወጣው፣ እናቴ ነግራኛለች። አራት ሲቀረው ለምን አላስጨረስከውም?"

"ሐጂ፣ ሰው ነበረበት፣ እንሰጥም ነበር እኮ።"

"እውነትህን ነው" አሉ፣ ቁጣ የሚባል የለባቸውም። "ሥራውን ባልጨረሰ ሰው ላይ እንዴት ይሰገዳል?" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያቺ ጀልባ አንድ ሰው ብቻ ቢቀመጥባት አርባውን ትችላለች፣ አይደል መምህር?"

ትናንት የኦጁሉን ስልክ ጠይቀውኛል፣ ገና አልሰጠኋቸውም፣ ክረምቱ ገብቶ ባሮ ሊሞላ ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።