ከገበሩ በኩል

መርፌው አሁንም ወጋት። ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ቦርሳውን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። ክዳኑ ላይ እስከ ግማሹ ከተሰፋው፣ ፎቶው ከታተመበት ጨርቅ ላይ አባቷ ቆቡን ደፍቶ ያያታል። ወለሉ ላይ ያልተነኩ ቦርሳዎች ተከምረዋል፤ ነገ ጠዋት ለሰፈሩ ልጆች ይታደላሉ።

«ፈጠን በይ እንጂ የኔ እመቤት» አለች እናቷ ከስፌት መኪናው ኋላ። ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ውላ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ኪስ ኪሱን እኔ እጨርሳለሁ፤ አንቺ ፊቱን ብቻ ስፊ።»

ክዳኑ ወፍራም ስለሆነ መኪናው መርፌ ይሰብራል። ፊቱ በእጅ ነው የሚሰፋው።

አባቷ ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች ሲያሻግር ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መጣ፤ ልጆቹን ወደ ዳር ገፍትሮ እሱ እዚያው ቀረ። በቀብሩ ዕለት ንግግር ያላደረገ አለቃ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ከነዚያ ሁሉ አንዱም ደጃቸውን አልረገጠም። አሁን በቦታው የሚቆመው ወጣት ስሙን እንኳ አያውቅም። እናቷ ናት ጎረቤቶቿንና ጥቂት የድሮ ባልደረቦቹን አስተባብራ በስሙ ማኅበር ያቋቋመችው። በየዓመቱ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አቅም ያጡ ልጆች ደብተርና ቦርሳ ያገኛሉ። ቦርሳው ላይ ፊቱ አለ።

ዛሬ ጠዋት ዝናብ ነበር። ሽቦ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ቀጭኑ ነው፤ ስሙም የወጣለት በዚያ ነው። ደብተሮቹን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ እሷ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ፌስታሉ ተቀደደ። ደብተሮቹ ጭቃ ውስጥ ተዘረገፉ። አብራው ጎንበስ ብላ ለቀመች።

«አምና የወሰድከው ቦርሳስ?»

«ቤት አለ።»

«ቤት አለ ማለት? እናቴ ዓይኗ እስኪጠፋ የሰፋችው ለቤት ጌጥ ነው?»

ሽቦ ጭቃውን በእጅጌው ጠረገ። «ምን እያሉ እንደሚጠሩን አትሰሚም እንዴ?»

ትሰማለች። ያንን ቦርሳ ያነገተ ልጅ ሲያልፍ፣ ግንቡ ላይ የሚቀመጡት ልጆች «ሬሳ ተሸካሚው መጣ» ይላሉ። እሷ ስትደርስ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን እስከ ዛሬ እንደ አክብሮት ስትቆጥረው ኖራለች።

«አባቴ ነው ያሳፈረህ?»

«አባትሽ ምን አደረገኝ? እኔንም እኮ አሻግሮኛል። ‹ና እለፍ አንተ ቀጭኔ፣ አንገትህ ቀድሞህ ደርሷል› ይለኝ ነበር።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «እናንተ ግን ታርጋ ነው የለጠፋችሁብኝ። ከሩቅ ያየኝ ሁሉ ‹ይሄ ተረጂ ነው› ብሎ ያነበኛል።»

የለቀመችውን ደብተር እጁ ላይ ጥላበት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ንዴቱ አልበረደላትም፤ ማን ላይ እንደምታሳርፈው ነው የጠፋት። ሰው ደብተር ስለተሰጠው ምልክት ይደረግበታል? በግ ነው? ቀብር ላይ እንባውን የጠረገው አለቃ ሁሉ ጀርባው ላይ ምንም አልተሰፋበትም። አባቷን የማስታወስ ሸክም የተጫነው ደብተር መግዛት ባቃታቸው ልጆች ላይ ነው። የምትሰፋው ደግሞ እሷ ናት፣ በገዛ እጇ።

«እማ» አለች። «ፊቱ ባይኖርስ?»

መኪናው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ልጆቹ ያፍራሉ። ይሰደባሉም።»

«በአባትሽ?»

«በአባዬ አይደለም። በመቀበላቸው።»

እናቷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

«ባለፈው ከሥራ ስመለስ» አለች፣ «አንዲት ትንሽ ልጅ ጀርባ ላይ አባትሽን አየሁት። መንገድ ተሻገረች። እኔም ተሻገርኩ። መንገዴ በዚያ አልነበረም። ቤቷ እስክትገባ ድረስ ተከተልኳት።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ይቺንም ልትነሺኝ ነው?»

መኪናው እንደገና ማጉረምረም ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደደከመ ሰው።

ልጅቷ ክር መቁረጫ ምላጩን አነሳች። በግማሽ የሰፋችውን ክር አንድ በአንድ በጥሳ ጨርቁን አላቀቀችው። ቦርሳውን ከፈተችና ክዳኑን ወደ ላይ ቀለበሰች። ጨርቁን ከውስጥ፣ ገበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ደብተር ለማውጣት የሚከፍት ሰው ዓይን በሚያርፍበት ቦታ። ገበሩ ስስ ነው፤ መርፌው ሳይታገላት አለፈ።

ጨርሳ ቀና ስትል እናቷ አጠገቧ ቆማለች። መኪናው መቼ እንደቆመ አልሰማችም።

«እዚህ ማን ያየዋል?»

«የሚከፍተው።»

እናቷ ክዳኑን ከደነችው። ከፈተችው። መልሳ ከደነችው። ከዚያ ከፍታው የስፌቱን መስመር በጣቷ ተከተለች፤ ጣቷ ቆቡ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ቆቡ ጠሟል» አለች።

ወለሉ ላይ የወደቀውን ምላጭ አንስታ ለልጇ አቀበለቻት። ሄዳም አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋደም አለች።

ልጅቷ ስፌቱን ፈታችው። ጨርቁን አቃናችና በዚያው በገበሩ በኩል እንደገና ጀመረች። ከዚያ ሁለተኛውን ቦርሳ ከክምሩ ሳበች፣ ክዳኑንም ቀለበሰችው።