የፍሪጁ ማዞሪያ

ፍሪጁ ጤነኛ ነበር። ይህን የምታውቀው የጭማቂ ቤቱ ባለቤት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ቢያንስ ለእሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

እርግጥ በጋው እንደገባ አንድ ቀን የምሩን ተበላሽቶ ነበር። ጠጋኙ መጣ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ላይ ቅባት የማይጠፋ ወጣት። ሲጨርስ ማንጎ፣ አናናስና ሐብሐብ ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃበት በብርጭቆ ሳህን ሰጠችው። እንደቆመ በላ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው፤ በቃ፣ የሆነው ሆነ።

በሳምንቱ አባቷ ዘወር ሲሉ የቅዝቃዜውን ማዞሪያ ወደ ዜሮ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ፍሬው ለብ አለ። ጠጋኙ ተጠራ። ጀርባውን ፈታ፣ አቧራውን አራገፈ፣ መልሶ ገጠመ፤ ማዞሪያውንም ወደ ቦታው መለሰና ምንም ሳይል እጁን ታጠበ።

በዚህ ዓይነት ሰባት ጊዜ መጣ። ሰባት ጊዜም ፍሬ ተከተፈ። የምትለውን ሌሊቱን ስታሰላስል ታድራለች፤ ፊት ለፊቷ ሲቆም ግን ከአፏ የሚወጣው «ሎሚ ይጨመርልህ?» ብቻ ነው። «ይጨመር» ይላል እሱም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ማንጎ የሚሸጥ ሰው ግን ይህን ተረት አያምንም።

በስምንተኛው አባቷን መረራቸው። «ይሄ ፍሪጅ ሊገድለኝ ነው» አሉ። በማግስቱ አዲስ ፍሪጅ በር ላይ ቆመ፤ የሁለት ዓመት ዋስትና ያለው፣ ማዞሪያ የሌለው፣ በቁጥር ብቻ የሚታዘዝ። ልጅቷ በገዛ እጇ ያመጣችውን ጣጣ ቆማ አየች። «አባዬ፣ ደህና ነበር እኮ» እንዳትል፣ በምን አወቅሽ መባል አለ።

አሮጌውን ሊወስድ የመጣው ራሱ ጠጋኙ ነበር። አባቷ ከደንበኛ ጋር ሲያወሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምንም አልነበረበትም» አለ።

ቢላዋዋ ሐብሐቡ ላይ ቆመ። «መቼ አወቅህ?»

«ሁለተኛው ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ከተናገርኩማ ይድናላ።»

ሐብሐቡን እንደገና መክተፍ ጀመረች።

«ሌላ ከተማ ወዳለው የድርጅታችን ቅርንጫፍ ሊልኩኝ ከፈለጉ ሁለት ወር ሆናቸው» አለ። «የማይድን ፍሪጅ ይዣለሁ እያልኩ ቆየሁ። ዛሬ አለቃዬ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረህ? አለኝ።»

«ምን አልከው?»

እሱም እንደሷ ነበር፤ ዋናው ቃል ጋ ሲደርስ ይጠፋበታል። «አትሂድ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሎሚ ይጨመርልህ?» አለች።

«ይጨመር።»

«ልጄ፣ ደንበኛ ይጠብቃል!» አሉ አባቷ። ሸካሚዎቹ ፍሪጁን መኪና ላይ ጫኑ። የቀራትን ድፍረት ሁሉ ሰብስባ ሳህኑን እጁ ላይ አኖረች።

«ሳህኑን ትመልሳለህ» አለች።

«እመልሳለሁ።»

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። ሳህኑ ከሰዓት በኋላ ታጥቦ መጣ፤ ያመጣው ግን የሥራ ባልደረባው ነበር።

«በጠዋቱ አውቶብስ ሄደ። ይህን አደራ ብሎኝ ነው።»

ሳህኑ ውስጥ የአሮጌው ፍሪጅ ማዞሪያ ተቀምጧል። ይዛው ወደ አዲሱ ፍሪጅ ሄደች፤ ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ዳሰሰችው። የሚገጠምበት ቦታ የለም።

«ምንድነው የያዝሽው?» አሉ አባቷ።

«የአሮጌው ነው።»

«ጣይው፣ ምን ይሠራል?»

አልጣለችውም። እንባዋን ሲያዩ አባቷ ለአሮጌው ፍሪጅ ያለቀሰች መሰላቸው። የአዲሱን በር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ። «ይሄኛው እስክታረጂ አይበላሽም።»