ሃያ ፊት ያለው ዳይስ

ጠሀ ከታቦር ተራራ ሥር በተከራየው ቤት ደረጃ ግርጌ፣ ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ስትደርስ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የላላውን ቆርቆሮ እያንኳኳ ለሰው ዕረፍት ይነሳል። ተረጋግቶ የቆመው ሳጅን ደረሰ ብቻ ነበር።

«ጨርሰናል፣ ኢንስፔክተር። ሩታ የምትባል ሠዓሊ ናት። ትናንት ማምሻውን ስትጮህበት ሰፈር ሁሉ ሰምቷል። በካቴና አስሬ መኪና ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ይፈርሙልኝና ልውሰዳት።»

«ስትጮህ ሰሙ። ስትገፋው ያየ አለ?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ምኑን ጨረስከው?»

ሙሉጌጥ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች፤ ሐሳቧ በእግሯ የሚሄድ ይመስል አንድ ቦታ አትረጋም። ደረጃውን ወጣች። በሩ አጠገብ በቀለም ጣሳ የተተከለ ጤና አዳም አለ። በደረቀው አፈር ላይ ለስላሳ የሐይቅ ዳር ጠጠሮች ተከምረዋል። አንዱን አንስታ በጣቷ አሸችው፤ አቧራ የለበትም። ክምሩ ከአንድ ጭብጥ የሚተርፍ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ካርታ ተዘርግቶበታል። አንዱ ጫፍ ላይ የካርቶን መከለያ ቆሟል፤ ከመከለያው ኋላ አንድ ወንበር፣ ግማሹ የተጠጣ ሻይና ሃያ ፊት ያለው ሰማያዊ ዳይስ። ብቻውን ሲጫወት ያመሸ ሰው ጠረጴዛ ነው።

የሟች ታላቅ እህት ፈትያ ተከትላት ገባች።

«ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«ተረት ነው ይበሉት። አንዱ ከመከለያው ኋላ ሆኖ ይተርካል፣ ሌሎቹ ጀግና፣ ሽፍታ፣ ጠንቋይ ይሆናሉ። መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። ወንድሜና ሦስት ጓደኞቹ፣ ሩታ፣ አብዱልፈታህና ኢዮስያስ፣ መጽሐፍ እያደረጉ ይሸጡታል። ከተማውን፣ ጀልባውን፣ ጉማሬውን ከራሳቸው ነው ያወጡት፤ የጨዋታው ሕግ ግን የባሕር ማዶ ኩባንያ ነው። ማንም በነጻ ይሥራበት ብሎ ነበር፤ አሁን ፈቃዱን ቀየረ።»

«ምን ብሎ?»

«ካልፈረማችሁ አትሸጡም፤ ከፈረማችሁ ደግሞ የፈጠራችሁትን እኔም እንደ ራሴ አደርገዋለሁ አለ። ወንድሜ ‹መዶሻ ስላዋሱኝ ቤቴን ሊወርሱ?› ብሎ ተቆጣ። ያንን ዳይስ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለው። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ እጁ አልነካውም።»

ሙሉጌጥ ዳይሱን አየችና ወረደች።

ሩታ መኪናው ውስጥ ኩርምት ብላለች።

«ለምን ጮኽሽበት?»

«ስለ ደበቀ። አዲስ የጨዋታ ሕግ ሠርቶ ነበር፣ የራሳችን። እኔ ሥዕሉን ሣልኩለት፣ አብዱልፈታህ በማተሚያ ቤቱ ለሙከራ አተመለት። ለኢዮስያስ ግን አልነግርም አለ። ‹እሱ ልቡ ከኩባንያው ጋር ነው፤ ሲያልቅ አሳየዋለሁ› አለኝ። ‹ታሪኩን የጻፈው እሱ አይደል እንዴ!› ብዬ ጮህኩበትና ወጣሁ። ሲጠራኝ እንኳ አልዞርኩም።» እንባዋን በታሰረ እጇ ጠረገች።

አብዱልፈታህ ግቢው ውስጥ ቆሞ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም፤ ቀብር የሚያስፈጽሙትን እየጠራ ነው።

«አንተስ ትፈርም ነበር?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ካዋጣ ለሰይጣንም እፈርማለሁ። አስተግፊሩላህ! ይሄ ግን አያዋጣም። ትናንት ‹ስለ ፈረማችሁ እናመሰግናለን› የሚል መልእክት ከኩባንያው በጋራ ኢሜይላችን መጣ። ከእኛ አንዱ በሁላችን ስም ፈርሟል። ጠሀ ‹ማን እንደሆነ ራሴ እጠይቃለሁ› አለ።»

ኢዮስያስ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ትናንት ቡሹሎ እናቴ ጋ ነበርኩ። ጠሀ ጨዋታውን ብቻውን ነው የሚሞክረው። ዳይሱን ሲጥል አምሽቶ፣ ነፋስ ልቀበል ሲል አንሸራቶት ይሆናል። ይሄ ደረጃ አንድ ቀን ይበላናል ስንለው ነበር።»

«ዳይሱን ሲጥል» አለች ሙሉጌጥ።

«ሌላ በምን ይጫወታል?»

ሁሉንም ላይኛው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ብቻ በጠረጴዛው ዙሪያ ትዞራለች።

«ጠሀ ብቻውን እንደነበረ የሚያስመስል ጠረጴዛ ተሰናድቷል። ሌባ ይህን አያሰናዳም፤ መከለያው የት እንደሚቆም፣ ዳይሱ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ነው። ሩታ፣ በአዲሱ ሕግ የሚጫወቱት በምንድን ነው?»

«በጠጠር። ከሐይቁ ዳር የለቀመው ነው። ጭብጥ ሙሉ ይዘገናል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከወጣ ይሳካል።»

ሙሉጌጥ ጣሳውን አምጥታ ጠጠሩን ካርታው ላይ ዘረገፈችው።

«ጠረጴዛው ላይ የነበረው ይሄ ነው። አንድ ሰው ቆሻሻ መስሎት ጠርጎ ጤና አዳሙ ላይ ደፋውና፣ ጠሀ የተጣላውን ዳይስ ከሳጥኑ አውጥቶ አስቀመጠ።»

«አውቃ ልታሳስተን ብላ ቢሆንስ?» አለ ደረሰ፣ ሩታን እያየ።

«ጠጠሩን ለሚያውቅማ ድካሙ ምን ያደርግለታል? ባለበት ቢተወው ያልቅ ነበር። ሩታ ሣለችው፣ አብዱልፈታህ አተመው፣ ፈትያ ዳይሱ እንደተተወ ታውቃለች። ጨዋታው እስከ ትናንት በዳይስ መስሎት የኖረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ኢዮስያስ ዞሩ።

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ ኢዮስያስ። «ለምን ፈረምክ ብሎ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። አስለቀቅኩ። በቃ፣ አስለቀቅኩ… ካልፈረምን ሊያግዱብን ነበር እኮ! ዕድሜዬን የጻፍኩት ታሪክ ከገበያ ሊወጣ ነበር።»

አብዱልፈታህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ኩባንያው አዲሱን ፈቃድ ትቶታል፣ ኢዮስ። በየአገሩ ያሉ ሠሪዎች ሲነሡበት ወደ ድሮው መለሰው። ዛሬ ጠዋት ነው ያስታወቀው።»

ደረሰ አቀርቅሮ የሩታን ካቴና ፈታ፤ ኢዮስያስ ሳይጠየቅ እጁን ዘረጋለት። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ተዘረገፉት ጠጠሮች ዞረ።

«ሩታ… አዲሱ ሕግ ጥሩ ነው?»

ሩታ አንጓዋን እያሸች አየችው።

«ጠሀ ያንተን ታሪክ እንዳይወስዱብህ ነው የሠራው» አለችው።